በትዕዛዝ የተገዛ እንቅልፍ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን ኤፕሪል 21 ቀን 1993 ቁጥሩ 12845 የሆነ ትዕዛዝ ፈረሙ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትዕዛዙ አጭር ነው። ጉዳዩም በፕሬዚዳንት ደረጃ የሚፈረምበት አይመስልም፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይግዙ የሚል ነው። ከአንቀጾቹ መካከል ግን ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ መንግሥት ግዥ ባሰብኩ ቁጥር የምመለስባት አንዲት ሐሳብ አለች። የሚገዛው ኮምፒውተር፣ ሞኒተርና ማተሚያ ሥራ ሲፈታ በራሱ ወደ አነስተኛ የኃይል ፍጆታ የሚገባ ይሁን ትልና ወዲያው ትቀጥላለች፦ ይህ ችሎታ ዕቃው ከአምራቹ ሲላክ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ይሁን።

ችሎታው መኖሩ ብቻ አልበቃትም፤ በርቶ እንዲመጣ ጠየቀች። ይህችን ሐሳብ የጻፈው ሰው ቢሮ ውስጥ የኖረ ሰው መሆን አለበት። ሰው የተሰጠውን ዕቃ እንደተሰጠው ይጠቀማል። ማስተካከያውን ፈልጎ፣ ገጽ በገጽ ከፍቶ፣ ኮምፒውተሬ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ይተኛልኝ የሚል ሠራተኛ ከመቶ ስንት ይገኛል? የዚህ ጉዳይ ታሪክ በአብዛኛው ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ እያለና ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ባለው ልዩነት ውስጥ የሆነው ነው።

ነገሩ ለምን በኮምፒውተር ተጀመረ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእያንዳንዱ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር እየተቀመጠ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዚያን ጊዜ ባወጣው ግምት እነዚህ መሣሪያዎች የንግድና የቢሮ ሕንፃዎች ከሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ 5 በመቶ ያህሉን ይወስዱ ነበር፤ ነገሩ በዚያው ከቀጠለ በ2000 ወደ 10 በመቶ ሊደርስ እንደሚችልም ኤጀንሲው አስጠንቅቋል። ከዚህ ኃይል ብዙው ለሥራ የዋለ አልነበረም። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ ስብሰባ ሲገባ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሲውል ኮምፒውተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሳበ ይጠብቀዋል። የሳበው ኃይል ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን ከክፍሉ ለማስወጣት የአየር ማቀዝቀዣው ሌላ ኤሌክትሪክ ይበላል።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አልጠየቀም። ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ መቆጠብ ግድ ነበረበት፤ አምራቾችም ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን የሚቀንስ፣ ስክሪኑን የሚያጠፋ አሠራር ቀድመው አበጅተው ነበር። ኢንቴልና ማይክሮሶፍትም በ1992 ኮምፒውተሩና የሚሠራበት ሶፍትዌር ስለ ኃይል አጠቃቀም የሚነጋገሩበትን የጋራ መስፈርት አውጥተው ነበር። ይህን ቁጠባ ወደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ማምጣት ውድ አልነበረም። እስከዚያ ያልመጣው የጠየቀ ገዥ ስላልነበረ ነው።

ኤጀንሲው በ1992 ኢነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት ሲጀምር ምልክቱን ለማግኘት የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ኮምፒውተርና ሞኒተር ሆኑ። መስፈርቱ ቀላል ነበር፦ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ከ30 ዋት አይበልጥ፤ ሞኒተሩም እንዲሁ ከ30 ዋት አይበልጥ። ምልክቱ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። መስፈርቱን ያሟላ አምራች ምልክቱን ይለጥፋል፤ ያላሟላ ወይም ያልፈለገ ይተወዋል፤ የሚቀጣው የለም። እንዲህ ያለ የፈቃደኝነት ምልክት ጉልበት የሚያገኘው ትልቅ ገዥ እኔ የምገዛው ይህን ብቻ ነው ሲል ነው። ትልቁ ገዥ ደግሞ እዚያው ዋሺንግተን ከተማ ነበር። የትዕዛዙ መግቢያ ራሱ የፌዴራሉ መንግሥት በዓለም ትልቁ የኮምፒውተር ገዥ መሆኑን ጠቅሶ፣ በዚህ አቅሙ ገበያውን ሊያፋጥን ይችላል ይላል።

ትዕዛዙ ሲነበብ

ትዕዛዙ የሰጠው ጊዜ 180 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚገዛ ማንኛውም የግል ኮምፒውተር፣ ሞኒተርና ማተሚያ የኢነርጂ ስታርን መስፈርት ያሟላ። ለመንግሥት ግዥ 180 ቀን አጭር ጊዜ ነው፤ አንድ ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታው ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ከዚህ በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉ ውሎችም ተነኩ፦ መንግሥትና አቅራቢው ከተስማሙ፣ ተጨማሪ ወጪ ካለም በሚቆጠበው ኃይል የሚካካስ ከሆነ፣ መስፈርቱ በነባር ውሎች ውስጥም ይግባ ተባለ። ይህን አንቀጽ ዘሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነባር ውል ተከትሎ ለዓመታት የሚገዛ መሥሪያ ቤት አዲስ ፖሊሲ ሲወጣ የሚሰጠው መልስ ግን የታወቀ ነው፤ የቀደመ ውል አለብን ይላል። ትዕዛዙ ያንን መልስ ቀድሞ ዘጋው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከግዴታው ነፃ የመሆን ፈቃድ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አንድን ግዥ ከመስፈርቱ ውጭ ማድረግ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን በእያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ የሚታይ ነው። ምክንያቶቹም ተዘርዝረዋል፦ መስፈርቱን የሚያሟላ ዕቃ በገበያ አለመኖሩ፣ የጎላ የዋጋ ልዩነት፣ የሚፈለገው የአፈጻጸም ብቃት፣ የመሥሪያ ቤቱ ተልዕኮ። በየዓመቱም ነፃ የተደረጉት ግዥዎች የመንግሥትን ግዥ ለሚያስተዳድረው ለጠቅላላ አገልግሎት አስተዳደር ሪፖርት ይደረጋሉ፤ እሱም አጠቃልሎ ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የግዥ መመሪያዎች ያሟላውን ሪፖርት አድርጉ ይላሉ። ያኔ መሥሪያ ቤቱ በኩራት ቁጥር ይደረድራል፤ የሚያነበው የለም። ያላሟላውን ሪፖርት አድርጉ ሲባል ግን ሥራው ይገለበጣል። የግዥ ባለሙያው መስፈርቱን ሲከተል ምንም ወረቀት አይሞላም፤ ሲያፈነግጥ ግን ይሞላል፣ ያስፈርማል፣ ስሙ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለቢሮ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ቅጽ ከመሙላት በላይ የሚያስፈራ ነገር የለም። ወረቀት ጠልነትን ለአካባቢ ጥበቃ ማዋል እንደሚቻል ያየሁት እዚህ ነው።

የገበያው መልስ ፈጣን ነበር። አይቢኤም በዚያው በ1993 ከተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ክፍሎች የተገጣጠመ ፒኤስ/2 ኢ የተባለ ቆጣቢ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አምራች ለመንግሥት አንድ ዓይነት፣ ለሌላው ገዥ ሌላ ዓይነት እያለ ሁለት የምርት መስመር መያዝ አያዋጣውም። ለትልቁ ደንበኛ የሠራውን ለሁሉም ይሸጣል። ስለ ትዕዛዙ ሰምቶ የማያውቅ የሱቅ ሸማች፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ሌላ አገር ያለ መሥሪያ ቤትም ያንኑ ኮምፒውተር ገዛ። አንድ ገዥ ያስቀመጠው መስፈርት ለሁሉም ሰው የተለመደ ዕቃ ሆነ። እስከዚህ ድረስ የጉዳዩ ታሪክ የድል ታሪክ ነው።

ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ

ኮምፒውተሩ ተኝቶ መነሣት የሚችል ሆኖ መጣ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ተረከበው፤ የራሱን ሶፍትዌር ጫነበት፤ የአምራቹን ማስተካከያም አብሮ ደመሰሰው። ማንም ክፋት አላሰበም። የኮምፒውተር ክፍሉ የሚመዘነው ኮምፒውተሮቹ በመሥራታቸው ነው። የተኛ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ይጠፋል፤ ሌሊት የሚላከው የሶፍትዌር ማሻሻያ አይደርሰውም፤ የመረጃ ቅጂ አይወሰድለትም። አንዳንዱ ደግሞ ተኝቶ ሲነቃ ይደናቀፋል፤ ሠራተኛውም ስልክ አንሥቶ ይጮኻል። የኤሌክትሪኩ ሒሳብ የሚከፈለው ከሌላ በጀት ነው፤ ጩኸቱን የሚሰማው ግን የኮምፒውተር ክፍሉ ነው። በዚህ ሁኔታ እንቅልፉን ማጥፋት ለእርሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

በዚህ ላይ የሶፍትዌሩ ችግር አለ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተስፋፋው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ኮምፒውተርን የማስተኛት አገልግሎት በውስጡ አልነበረውም፤ በዊንዶውስ 2000 ነው የመጣው። ስለዚህ መንግሥት እንቅልፍ የሚችል ኮምፒውተር በትዕዛዝ ገዛ፤ እንቅልፍ የማያውቅ ሶፍትዌር ደግሞ በሌላ ውል ገዝቶ ጫነበት። ሁለቱ ግዥዎች የተካሄዱት በተለያየ የጨረታ ሰነድ ነው፤ የሁለተኛው ሰነድ ስለ ዋት የሚለው ነገር አልነበረም።

ስክሪን ሴቨር የሚባለውም ነገር ነበር። ስሙ አሳሳች ነው። በስክሪኑ ላይ የሚዋኙት ዓሦችና የሚበሩት ቅርጾች የተፈጠሩት የድሮው ሞኒተር አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ሲቆምበት እንዳይጠባሰስ ነው፤ ኃይል አይቆጥቡም። እንዲያውም ሞኒተሩ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩንም ከመተኛት ያግዱታል። ብዙ ሠራተኛ ግን ዓሦቹን አይቶ ኮምፒውተሬ ዐርፏል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ትዕዛዙ ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም ነበር፤ ሠራተኞች በመደበኛ የኮምፒውተር ሥልጠና ላይ ስለዚህ ችሎታ ጥቅም እንዲነገራቸው ያዛል። ግን የተናገረው ለተጠቃሚው ነው። ማስተካከያውን በእጁ የያዘውን የኮምፒውተር ክፍል በስሙ አልጠራውም።

የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ቢሮዎችን እየዞሩ መሣሪያዎችን ቆጥረዋል። የመንግሥት ብቻ ያልሆኑ የልዩ ልዩ ድርጅቶች ቢሮዎች ነበሩ። ያገኙት ነገር ሁለት መልክ አለው። ሞኒተሮቹ በአብዛኛው በራሳቸው ተኝተዋል። ከጠረጴዛ ኮምፒውተሮቹ ግን ከግማሽ በላይ ሳይጠፉ ያደሩ ናቸው፤ ከእነዚህም የተኙት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የሞኒተሩ እንቅልፍ የማንንም ሥራ ስላላሰናከለ የነካው አልነበረም፤ የኮምፒውተሩን ግን ብዙ ሰው ነክቶታል።

ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ይታያል። ሳያቋርጥ 100 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ ቢቆይ 8,760 ሰዓት ነው፤ 876 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ሰው የሚሠራበት 2,000 ሰዓት ያህል ነው እንበል። በቀሪው 6,760 ሰዓት ቢተኛና 30 ዋት ብቻ ቢስብ 473 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እንቅልፉ ከጠፋ የሚተርፈው ዜሮ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ምልክቱ ተለጥፎባቸዋል፣ ሁለቱም በሪፖርት ላይ መስፈርቱን ያሟሉ ተብለው ይቆጠራሉ።

ያልተለካው ዋት

ሌላ ክፍተትም ነበር፤ ይህኛው የመስፈርቱ የራሱ ነው። የ1992ቱ መስፈርት የለካው የተኛውን ኮምፒውተር ብቻ ነው። የነቃው ምን ያህል ይስባል ብሎ አልጠየቀም። አምራቾችም የተጠየቁትን አቀረቡ። በዓመታት ውስጥ የኮምፒውተሩ አንጎል እየፈጠነ፣ እየሞቀና ኃይል እየጠየቀ ሲሄድ ምልክቱ እንዳለ ቀጠለ። ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚቀይረው ክፍል ከሚቀበለው ኃይል ሢሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በሙቀት ማባከኑ የተለመደ ነበር፤ ገዥው ግን ስላልጠየቀ አምራቹ የሚያሻሽልበት ምክንያት አልነበረውም። በሥራ ላይ ያለውን ኮምፒውተር የሚለካውና ይህ ክፍል 80 በመቶ ውጤታማ እንዲሆን የሚጠይቀው አራተኛው መስፈርት በሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 20 ቀን 2007 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው።

በመካከሉ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በጁላይ 2001 ሌላ የግዥ ትዕዛዝ አወጡ፤ ቁጥሩ 13221። መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት መሣሪያ ተሰክቶ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ከ1 ዋት የማይበልጥ የሚስብ እንዲሆን ይጠይቃል። ከ30 ወደ 1 መውረዱ የሚያስደንቅ ይመስላል፤ ሁለቱ የሚለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም። አንዱ የተኛውን፣ ሌላው ጠፍቶ ሶኬት ላይ የቀረውን ይለካል።

በቤንዚን የሚሠራው ሰዓት

የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ በሰነዱ ላይ የኢነርጂ ስታር ምልክት ያለው ብሎ ሲጽፍ ምልክቱን የሚሰጠውን ተቋም ማጣራትም አብሮ እየገዛ ነው። ማጣራቱ ምን ያህል የጠበቀ ነበር? የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በማርች 2010 ይህን ይፋ አደረገ። መርማሪዎቹ የሌሉ ኩባንያዎችን ፈጥረው 20 የሐሰት ምርቶችን ለምልክቱ አቀረቡ። 15ቱ አለፉ። ካለፉት መካከል አንዱ በቤንዚን የሚሠራ የማንቂያ ሰዓት ነበር። ሌላው የክፍል አየር ማጽጃ የተባለ ነው፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ግን የአቧራ መጥረጊያና የዝንብ ማጣበቂያ ወረቀት የተደረገበት የክፍል ማሞቂያ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሥርዓቱ በአብዛኛው የተመሠረተው አምራቹ ራሱ በሚሰጠው ቃል ላይ ነበር። ከቅሌቱ በኋላ ከ2011 ጀምሮ ምርቶች ዕውቅና ባለው ገለልተኛ ላብራቶሪ ተፈትሸው በሦስተኛ ወገን እንዲረጋገጡ ተደረገ። እኔን የሚያስገርመኝ ቤንዚኑ አይደለም። ምልክቱን በየውላቸው ያስገቡ መሥሪያ ቤቶች አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚገዙትን ዕቃ የሚያጣራ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መቆየታቸው ነው።

ከ1993ቱ ትዕዛዝ አሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2007፣ ትዕዛዝ ቁጥር 13423 ወጣ። ከሚገዙት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቢያንስ 95 በመቶው ኢፒት በተባለው የአካባቢ ጥበቃ መዝገብ የተመዘገቡ እንዲሆኑ ያዛል። ቀጥሎም መሥሪያ ቤቶች በኮምፒውተሮቻቸውና በሞኒተሮቻቸው ላይ የኢነርጂ ስታርን ችሎታ እንዲያበሩ ይላል። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ያው ነገር፤ ልዩነቱ አሁን የታዘዘው አምራቹ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ራሱ መሆኑ ነው። የዕቃዎቹን ዕድሜ ማራዘምና ሲያረጁ አካባቢን በማይጎዳ መንገድ ማስወገድም ተጨመረ፤ እነዚህ በ1993 ያልተነሡ ጉዳዮች ናቸው።

ኢፒት በ2006 የጀመረ ሲሆን ከኤሌክትሪክ ፍጆታ ያልፋል። በመርዛማ ንጥረ ነገር፣ በመፈታታት ቀላልነት፣ በማሸጊያና በመሳሰሉት ላይ 23 ግዴታና 28 አማራጭ መመዘኛ ነበረው፤ ግዴታውን ብቻ ያሟላ ነሐስ፣ ከአማራጮቹ ግማሹን የጨመረ ብር፣ ሦስት አራተኛውን ያሟላ ወርቅ ይባላል። ጉልበቱ በ2012 ተፈተነ። አፕል ምርቶቹን ከመዝገቡ አስወጣ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደርም መሥሪያ ቤቶቹ የአፕልን ኮምፒውተሮች መግዛት እንደሚያቆሙ አስታወቀ። ቀናት ሳይቆጠሩ፣ ጁላይ 13፣ የአፕል የሃርድዌር ኃላፊ ቦብ ማንስፊልድ በይፋ በጻፉት ደብዳቤ መውጣታቸው ስሕተት እንደነበር አምነው ምርቶቹን መለሱ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ቀጣዩ ያን ያህል አያስደስትም፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የኢፒት አስተዳዳሪዎች የመፈታታት መመዘኛውን አብራርተው ባትሪው በሙጫ የተጣበቀው የአፕል ቀጭን ኮምፒውተርም መስፈርቱን ያሟላል አሉ። አምራቹ ወደ መዝገቡ ተመለሰ፤ መዝገቡም ወደ አምራቹ ጥቂት ተጠጋ።

ከትዕዛዞቹ የተረፈው

12845 ዛሬ የለም። በ1999 በወጣው 13123 ተሻረ። 13123 በ2007ቱ 13423 ተሻረ፤ እሱም በ2015 በ13693 ተተካ። ፕሬዚዳንት ሲቀየር የግዥ ፖሊሲም ይቀየራል፤ የግዥ ባለሙያውም አዲሱን ቁጥር እስኪለምድ ሌላ ይመጣል። ሳይነቃነቅ የቀረው በ2005 የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ አንቀጽ 104 የገባው ነው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኃይል ፈጅ ዕቃ ሲገዛ የኢነርጂ ስታር ወይም በኢነርጂ ሚኒስቴር ቆጣቢ ተብሎ የተለየ ይግዛ ይላል። ነፃ ለመሆን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዕቃው በዕድሜው ዘመን ወጪውን እንደማይመልስ፣ ወይም የሚፈለገውን ሥራ የሚሠራ እንደማይገኝ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። የ1993ቱ የነፃ መሆኛ አንቀጽ በአዲስ ልብስ መጣ። በሕግ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

በርቶ ይምጣ የምትለዋ ሐሳብም በማንኛውም የጨረታ ሰነድ ላይ ልትጻፍ ትችላለች፤ ፕሬዚዳንት አያስፈልጋትም። ግን አጠገቧ ሁለት ሐሳቦች ያስፈልጓታል። አንደኛው ለኮምፒውተር ክፍሉ የሚነገር ነው፦ የራስህን ሶፍትዌር ስትጭን ማስተካከያውን መልሰህ አብራ፤ ሌሊት የምትልከው ማሻሻያ ካለ ኮምፒውተሩን ከሩቅ ቀስቅሰህ ላክና መልሰህ አስተኛው። ሁለተኛው ለርክክብ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው በተለምዶ ሳጥን ይቆጥራል፣ የመለያ ቁጥር ይመዘግባል፣ አብርቶ መሥራቱን ያያል፣ ይፈርማል። ከሶኬቱና ከኮምፒውተሩ መካከል የሚገባ ዋት መለኪያ ግን ርካሽ ትንሽ ዕቃ ነው። ከየሃያው አንዱን ኮምፒውተር ሰክቶ፣ ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ቁጥሩን አንብቦ በርክክብ ቅጹ ላይ መጻፍ ይቻላል። በቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ሳጥን ካለ።